አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ልብሱን አትዩ

ለድሬ የብስክሌት ክለብ ልጆች፣

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ልብስ ነው። ስለ ልብስ ስል ግን ስለ ሰው አቀባበልም ማለቴ ነው፤ በክለብ ውስጥ ሁለቱ አይነጣጠሉም። አዲስ ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ብስክሌቱን ይዞ ሲቆም፣ ገና ፔዳል ሳይረግጥ የሚመዘነው በለበሰው ነው። ሰፊ ሱሪ፣ የእግር ኳስ ማሊያ፣ ሸራ ጫማ። ያን ጊዜ ዓይናችሁ የሚናገረውን ልጁ ያነበዋል። በሚቀጥለው ሳምንት መምጣት አለመምጣቱም እዚያው ይወሰናል።

የክለብ የልብስ ደንብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው እንዳይወድቅና እንዳይጎዳ የወጣ ነው፤ ሌላው ለማማር ነው። በመጀመሪያው ላይ ለማንም አትለፉ። በሁለተኛው ላይ ዝም በሉ። ክለብ የሚበላሸው ሁለቱ ሲምታቱ ነው፤ በካልሲ ርዝመት ሲከራከር የሚያነጋ ቡድን የተሰነጠቀ ሄልሜት አድርጎ የመጣውን ሰው አያይም።

ከሄልሜት ልጀምር፣ ድርድር ከሌለባቸው ዋናው እሱ ስለሆነ። ሄልሜት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባርን ካጋለጠ ከኮፍያ አይሻልም። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ሲቀር አግድም ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። በጆሮ ፊትና ኋላ የሚወርዱት ሁለት ማሰሪያዎች ከጆሮ ሥር ልክ ይገናኙ፤ ከአገጭ ሥር አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። ውስጡ ያለው ፎም የሚሠራው እየተጨፈለቀ ጉልበቱን በመምጠጥ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ተመልሶ አይነሳም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጭንቅላት ያተረፈ ሄልሜት ላዩ ደህና ቢመስልም ይጣል፤ ለአዲስ ልጅ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥ። ክለቡ ሁለት ትርፍ ሄልሜት ይኑረው፤ አንዱ ከ52 እስከ 58 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው ከ58 እስከ 62። የሰው ላብ ያለበትን ለሌላ ሰው መስጠት ነውር ስለሆነ ከሥሩ የሚደረግ ስስ የጥጥ ቆብም አብሮ ይቀመጥ፤ ቆቡ በየጊዜው ይታጠብ።

ቀጥሎ ሱሪ። ካቴናው በቀኝ በኩል ስለሆነ የሚያዘው የቀኝ እግር ሱሪ ነው። ጨርቁ በካቴናውና በጥርሱ መካከል ሲገባ እግር ይቆለፋል፣ ሰውየው ወደ ቀኝ ይወድቃል፣ ከጎኑ የሚነዳውንም ይዞት ይሄዳል። መፍትሔው ግን «ታይት ግዛ» ማለት አይደለም። ከአሮጌ ካላማዳሪያ (ከጎማ ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ) 3 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጡና ቁርጭምጭሚቱ ላይ እሰሩለት። ጎማ ስለሆነ አይንሸራተትም። አራት ቁራጭ በክለቡ ከረጢት ውስጥ ካለ ሰፊ ሱሪ ለብሶ የመጣ ሰው ሁሉ ያለ ምንም እፍረት መንዳት ይችላል። የጫማ ክርም እንዲሁ ነው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ይሸጎጥ። ሸራ ጫማ ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ ነው፣ ሶሉ ፔዳል ይይዛል። ነጠላ ጫማ ግን አይሆንም፤ ከእግር ሲወልቅ ፔዳሉ ዞሮ ቅልጥም ይመታል። ከፔዳሉ ጋር የሚቆለፈውን ጫማ ለጀማሪ አትምከሩ። ሲቆም ተረከዙን ወደ ውጭ አዙሮ ማላቀቅ ገና ልማድ ስላልሆነለት፣ መብራት ላይ ቆሞ ባለበት ይወድቃል።

ሴቶች ልጆች ሲመጡ የበለጠ አስቡበት፤ በዚህ በኩል ብዙ ክለብ ይበድላል። ረጅም ቀሚስ ከኋላ ጎማ ራጂ ጋር ይጠመጠማል፤ ሲጠመጠም ደግሞ ቀስ ብሎ አይደለም፣ በአንድ ዙር ነው። ከሥሩ ሱሪ ተለብሶ ቀሚሱ እስከ ጉልበት ቢያጥር ችግሩ ያልቃል፣ ጨዋነቱም አይጓደልም። ሻሽ ወይም ሒጃብ ከሄልሜት ሥር ስስ የጥጥ ቢሆን ይመረጣል። ቋጠሮው አናት ላይ ሳይሆን ማጅራት ላይ ይሁን፤ አናት ላይ ከሆነ ሄልሜቱ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ጫፉ በሸሚዝ ውስጥ ይግባ። ከሄልሜት ሥር የብረት መርፌ ቁልፍ አይኑር፤ በመውደቅ ጊዜ ይወጋል። ከሄልሜቱ በስተኋላ ያለችው ማጥበቂያ ለጨርቁ ትንሽ ትላላ፣ ከዚያ ማሰሪያው እንደገና ይለካ። ይህን ሁሉ የምታሳያት ሴት ጓደኛ ትሁን። በክለቡ ውስጥ ሴት ከሌለች አንዱ ወንድም በራሱ ጭንቅላት ላይ አድርጎ ያሳያት፤ እጁን ወደ እሷ ራስ አይዘርጋ።

አሁን ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረውን ልንገራችሁ፣ በዝምታ ብዙ ሰው ስለሚጎዳ። መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለበት የብስክሌት ቁምጣ ከሥሩ ሙታንቲ አይለበስበትም። ስፖንጁ የተሠራው ከገላ ጋር እንዲገጥም ነው፤ የሙታንቲው ስፌት በመካከል ሲገባ ከላብ ጋር ቆዳ ይልጣል፣ ከዚያ ቁስል ይሆናል፣ ቁስሉም ለሳምንት ያስቀምጣል። ጀማሪ ይህን ካላወቀ «ኮርቻው ጠላኝ» ብሎ ስፖርቱን ይተዋል። በግል፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ከልባሽ ጨርቅ የሚገዛ ከሆነ ስፖንጁን በጣቱ ይጫን፤ የሚፈረፈር ወይም ተጭኖ የሚቀር ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተወው። ጨርቁን ደግሞ ዘርግቶ ወደ ብርሃን ይያዝ። እጁ ካሳየው፣ ሲያጎነብስ ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል። ያረጀ ታይት ይሳሳል፣ ባለቤቱ ግን ከፊት ብቻ ስለሚያየው አያውቅም። ነጭ ቁምጣ አዲስም ቢሆን በላብ ሲርስ እንደዚያው ነው፤ ማሊያችሁ ነጭ ቢሆንም ቁምጣው ጥቁር ይሁን። የሳሳ ልብስ የለበሰ ጓደኛ ስታዩ አትሳሳቁ፤ ፎቶም አታንሱ። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት፣ ከጉዞው በኋላ ለብቻ ጠርቶ ይንገር። የተነገረው ሰው ያመሰግናል፤ የተሳቀበት ግን አይመለስም።

ማጠቡም የዚሁ ክፍል ነው። በዚህ ሙቀት የላበ ቁምጣ እስከ ማታ ተጠቅልሎ መዋል የለበትም። ገብታችሁ ውሃ ሳትጠጡ ብትቆዩ እንኳ ቁምጣውን ነከር አድርጉት። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና በእጅ እጠቡ፤ ማለስለሻ ፈሳሽ አትጨምሩ፣ ላብ የሚመጥጠውን ክር ይደፍነዋል። የስፖንጁን በኩል ወደ ውጭ ገልብጣችሁ ነፋስ ባለበት ጥላ ላይ ስጡት። የድሬ ፀሐይ ላስቲኩን በጥቂት ወራት ያረጀዋል።

ሌላው፣ ቁምጣው መንገድ ላይ ደንበኛ ልብስ ነው፣ ቡና ቤት ውስጥ ግን አይደለም። ከጉዞ በኋላ ሽሮ ለመብላት ስትገቡ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ቆማችሁ ስታወሩ፣ አንድ ነገር ደርቡ። ለዚህ ከሽርጥ የተሻለ ልብስ አላውቅም። ተጠቅልሎ ከማሊያው የኋላ ኪስ ይገባል፣ በሁለት ሴኮንድ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ከሥሩ ሆኖ ልብስ መቀየርም ይቻላል። የሰፈሩን ሰው ስታከብሩ ሰፈሩ ልጆቹን ወደ እናንተ ይልካል። ከታይት በላይ ሰፋ ያለ ቁምጣ ደርቦ መንዳት የሚፈልግም አለ፤ ይደርብ። ልብ የሚባለው አንድ ነገር ነው፦ መካከሉ ወደ ታች የወረደ ቁምጣ ሰውየው ከኮርቻ ተነስቶ ሲመለስ በኮርቻው አፍንጫ ይያዛል። ይህን ንገሩት፣ ምርጫውን ግን ለእሱ ተዉ።

ወደ ማሊያ ልምጣ። በዚህ ስፖርት ቀለም ትርጉም አለው። ቢጫው በፈረንሳይ የሚካሄደው ትልቁ የብስክሌት ውድድር የቱር ደ ፍራንስ መሪ ነው፤ መልበስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። በደረቱ ዙሪያ የቀስተ ደመና ቀለበት ያለው ነጭ ማሊያ የዓለም ሻምፒዮን ነው፤ ዘንድሮ ያሸነፈው ብቻ ይለብሰዋል። ቀድሞ ያሸነፈ ሰው እጅጌውና አንገቱ ላይ ብቻ ቀጭን መስመር ያስቀራል። የአገር ሻምፒዮን ደግሞ የአገሩን ባንዲራ ቀለም ይለብሳል። ስለዚህ የቆየ ጋላቢ እነዚህን ሳያሸንፍ አይለብስም፤ ይህ ጥሩ ልማድ ነው፣ እናንተም ጠብቁት። የባለሙያ ቡድኖችን መደበኛ ማሊያ መልበስ ግን ምንም ነውር የለውም። በቱር ደ ፍራንስ ለመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 የለበሰውን የቡድኑን ማሊያ ዓይነት አንድ ልጅ ቢለብስ ደስ ይበላችሁ።

ነገር ግን ይኸው ቢጫና ይኸው ቀስተ ደመና ቀፊራ ገበያ ልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አዲሱ ልጅ ቀለሙ አማረውና ገዛ። የመጀመሪያ ቀኑን እሱን ለብሶ ቢመጣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። «ቱር አሸንፈህ ነው?» የምትለዋ ቀልድ ለቀላጁ ትንሽ፣ ለልጁ ግን ትልቅ ናት። ከወር በኋላ፣ ልጁ የእናንተ ሰው ከሆነ በኋላ፣ አንድ ቀን ቡና ላይ የቀለሞቹን ታሪክ አጫውቱት። ራሱ ያወልቀዋል።

የክለቡን ማሊያም ለመግቢያ ትኬት አታድርጉት። ለመጣው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን መስጠት ክብሩን ያሳንሳል፤ ዓመት ማስጠበቅ ደግሞ ሰውን በሁለት ይከፍላል። አራት አምስት ጉዞ አብሮ የሄደ፣ በሰልፍ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚነዳ፣ ጉድጓድ በእጁ ለኋለኛው የሚያሳይ ልጅ ይልበሰው፤ የኔ አስተያየት ይህ ነው። መክፈል የማይችል ካለ ማሊያው በዝምታ ይሰጠው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክለው በጋለቡበት ዘመን የብስክሌት ማሊያ ከሱፍ፣ የቁምጣው መቀመጫም ከቆዳ ይሠራ ነበር። ዛሬ ያለ እነሱ ብስክሌት የማይነዳ የሚመስላችሁ ጨርቆች ያኔ አልነበሩም።

ስለ ጥጥ ማሊያም ፍርዳችሁ ልከኛ ይሁን። በድሬ ሜዳ ለአንድ ሰዓት ጉዞ የጥጥ ካናቴራ ምንም አይልም፤ እንዲያውም ርጥበቱ ያቀዘቅዛል። ጥጥ የሚጎዳው ከድሬ ወደ ሐሮማያ በሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ስትወጡ ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐሮማያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ዳገቱን ላብ በላብ ሆኖ የወጣ ሰው በራሰ ካናቴራ ቁልቁል ሲወርድ ነፋሱ ጣቱን ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ፍሬን በወጉ አይጨብጥም። ስስ ጃኬት ከሌለ ጋዜጣ ከደረት በኩል ከማሊያው ሥር ይሸጎጥ፤ አሮጌ ዘዴ ነው፣ ይሠራል። በዚያ መንገድ ላይ ደማቅ ቀለምም ልበሱ። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚፈተለክ መኪና ግራጫ ማሊያ ከአስፋልቱ አይለይለትም።

አዲሱን ግን በመጀመሪያ ቀን ደንገጎ አትውሰዱት። ከዚራና ሳቢያን ሰፈሮች ውስጥ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ እስከ 15 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት ከ18 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ 3 ሰዓት ሳይሆን መመለስ። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ውሃ ይጠጣ፤ ከመጠማቱ በፊት አስጀምሩት። ከሰልፉ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡት። ፊት ያለው ትንሽ ፍሬን ሲነካ መጨረሻ ያለው ጠንክሮ ይይዛል፣ ፊት ያለው ሲፈጥን መጨረሻ ያለው ይሮጣል፤ ደካማው ሰው ብዙ የሚደክምበት ቦታ እሱ ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ ላይ፣ ከአንድ የበሰለ ጋላቢ ጎን ይሁን፤ ከፊቱ ካለው ጎማ አንድ ሜትር ይራቅ። የፊት ጎማውን ከሌላው የኋላ ጎማ ጎን እንዳያስገባ ይነገረው፤ ሲነካካ የሚወድቀው ከኋላ ያለው ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ጠንካራ ሰው ይሁን፣ ማንንም ጥሎ የማይመጣ። «ቁም»ና «ጉድጓድ» የሚሉትን ቃላት ከመነሳታችሁ በፊት አስማሙ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ሰልፍ ውስጥ ሲነገር በጭንቅ ጊዜ እያንዳንዱ በአፍ መፍቻው ነው የሚጮኸው።

ከሁሉ በፊት ግን አስቀድሞ መንገር። ልጁ «ልምጣ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በዋዜማው ደውሉለት፦ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ምን ይልበስ፣ ምን ባይኖረው ክለቡ እንደሚያውሰው። «ሄልሜት የለኝም» ካለ «አብሽር፣ አለን» በሉት። ሲደርስ አንድ ሰው ብቻ ይቀበለው፤ አምስት ሰው ከቦ ሲያርመው ፈተና ይመስለዋል። ያ አንዱ ስሙን ይጠይቅ፣ ሄልሜቱን ይለካለት፣ ሱሪውን ይሰርለት፣ ፍሬኑን ሁለቴ ይጨብጥለት። ሲመለሱ ያዋሳችሁትን ቆብ ተቀብላችሁ እቤታችሁ ወስዳችሁ እጠቡት እንጂ «አጥበህ አምጣ» አትበሉት። ሰኞ ማታ ደግሞ ያው ሰው ይደውልለትና እግሩ እንዴት እንደዋለ ይጠይቀው።