የስኳር ኪኒን ለካንሰር? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ስለ ስኳር በሽታ ኪኒኑ ሜትፎርሚንና ስለ ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ካንሰር የሚጠይቁ መልእክቶች በዝተውብኛል። አራቱን መርጫለሁ።

"እናቴ የኦቫሪ ካንሰር ተገኝቶባት ኬሞ ጀምራለች። ስኳር የለባትም። እህቴ ግን ሜትፎርሚን ኬሞውን ያግዛል የሚል ፌስቡክ ላይ አንብባ ከፋርማሲ ገዝታ መጣች። እንስጣት?" (ከሹም አቦ)

የካንሰር ሐኪሟ ሳያውቅ አትስጧት። ወሬው ግን ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ሜትፎርሚን ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። ሴል ኃይል የሚያመርትበትን ክፍልም ይጫናል። በላብራቶሪ የካንሰር ሴሎች በዚህ ሲዳከሙ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ስኳር የሌለባቸው 38 የኦቫሪ ካንሰር ታማሚዎችን ከኬሞ ጋር ሜትፎርሚን ሰጥቶ ተከታትሏል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነበር። ነገር ግን በዕጣ ተለይቶ ኬሞ ብቻ የወሰደ ቡድን አልነበረም። ስለዚህ ለውጡ የኪኒኑ ይሁን የሌላ ነገር መለየት ይከብዳል። በዕጣ የተከፈሉ 3,649 የጡት ካንሰር ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ በ2022 የወጣው ትልቅ ጥናት ደግሞ ስኳር ለሌለባቸው ሴቶች ጥቅም አላገኘም። የጡት ካንሰር ሌላ በሽታ ነው፤ ቢሆንም ተስፋችንን ልክ ያስይዘዋል።

ጉዳቱስ? ሜትፎርሚን ያቅለሸልሻል፣ ያስቀምጣል። ኬሞውም እንደዚያው ነው። በደከመ ሰውነት ላይ ሁለቱን መደራረብ ያሳዝነኛል። እህትሽን አትቆጫት፤ ከፍቅር ያደረገችው ነው። ኪኒኑን ይዛችሁ ሐኪሟን ጠይቁ።

"እኔ ግን ስኳር አለብኝ፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ለኦቫሪ ካንሰር ኬሞ ሊጀመርልኝ ነው። ላቁመው?" (ከሐሙሲት)

በራስዎ አያቁሙ። ለዚህ በሽታ በብዛት የሚሰጡት የኬሞ መድኃኒቶች ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ሳምንቱ፣ 6 ዙር። ከፓክሊታክሴል በፊት ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ ስኳር ያሻቅባል። በእነዚያ ቀናት ስኳርዎን ደጋግመው ይለኩ። ትውከት ወይም ተቅማጥ ከጠናብዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይደውሉ፤ ውሃ ያጣ ሰውነት ኩላሊትን ይጎዳል፣ ያኔ ሜትፎርሚን አደገኛ ይሆናል። በመርፌ በሚሰጥ ማቅለሚያ ሲቲ ስካን ከታዘዘልዎም ኪኒኑን እንደሚወስዱ ይንገሩ። እግርዎ ከደነዘዘ ዝም አይበሉ። ስኳሩም፣ ፓክሊታክሴሉም፣ ሜትፎርሚን የሚያመጣው የቫይታሚን ቢ12 ማነስም ያደነዝዛሉ፤ ሐኪሙ ይለየዋል።

"ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት ነው የምጾመው። ኪኒኑን በባዶ ሆዴ፣ በጠበል ብወስደውስ?" (ከዘጌ)

ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል። ከኬሞ ጋር ሲሆን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ሳይጠጡ መዋል ሰውነትን ያደርቃል። ግሊበንክላሚድ (ሌላ የስኳር ኪኒን) ወይም ኢንሱሊን አብሮ ካለ ስኳርዎ ወርዶ ሊጥልዎ ይችላል።

ይህን ክርክር በቤቴም አውቀዋለሁ። እናቴ ስኳር እያለባት አልፈታም ብላ አስቸግራን ነበር። ሐኪሙም እኛም አልቻልናትም። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው ሲነግሯት ነው ቁርስ የቀመሰችው። እርስዎም ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። የጾም ምግብ ሆኖ በሰዓቱ መብላት ይቻላል፤ ሽሮውም ክኩም አለ። ጠበሉንም በእምነትዎ ይጠጡ፤ ለጠበሉ ብለው ኪኒኑን ግን አይተዉ።

"ሆዴ ይነፋል፣ ትንሽ ስበላ ይሞላኛል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይለኛል። ጨጓራ ነው ተብዬ 2 ወር መድኃኒት ወሰድኩ። ባለፈው ዓመት የማህፀን በር ምርመራዬ ደህና ነበር።" (ከጎርጎራ)

የማህፀን በር ምርመራ ኦቫሪን አያሳይም። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ይዘናጋሉ። የነገሩኝ ምልክቶች ከጨጓራም ከሌላም ሊመጡ ይችላሉ፤ ግን በአብዛኛው ቀን የሚመላለሱና አዲስ ከሆኑ የኦቫሪም ምልክት ናቸው። ሦስተኛ ወር የጨጓራ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት የማህፀን ሐኪም ያግኙ። የሆድና የማህፀን አልትራሳውንድ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ። ከእናትዎ ወይም ከእህቶችዎ በጡት ወይም በኦቫሪ ካንሰር የታመመች ካለች ሳይጠየቁ ይናገሩ።