ለዳውንሂል በጣም የሚይዘው ፍሬን የቱ ነው?

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። ወንድማችን 95 ኪሎ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ በሊፍት እየወጣ በማውንቴን ባይክ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል። ያለው ባለ ሁለት ፒስተን ፍሬን ነው (ፒስተን ማለት የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚገፋው ነው)፤ ወደ ታች ሲቃረብ «ይለሰልስብኛል» ይላል። ሺማኖ ሴይንት፣ ስራም ኮድ፣ ስራም ማቨን ወይስ ማጉራ ኤምቲ7፣ የቱ ይበልጥ ይይዛል ነው ጥያቄው።

ቀጥታ መልስ ከፈለግክ፣ ለአንተ ክብደት ማቨን። ከሱ ቀጥሎ ማጉራ። ግን ብርህን ከማውጣትህ በፊት ቀሪውን አንብብልኝ። አንተን ያስቸገረህ የጉልበት ማነስ አይመስለኝም። ሙቀት ነው።

እስቲ እናስላው። አንተ፣ ብስክሌቱ፣ ሄልሜቱና መከላከያው ተደምሮ 115 ኪሎ ገደማ ይመጣል። 300 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ 340 ኪሎ ጁል የሚጠጋ ኃይል የሆነ ቦታ መግባት አለበት። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከዚህ ነፋሱና ጎማው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አብዛኛውን ግን ሁለት ስስ ዲስኮች ናቸው የሚሸከሙት። ፍሬኑ የማንም ይሁን የማን ይህ ሂሳብ አይቀየርም።

እኔ የምወርደው እዚያው ኮሎራዶ፣ ዊንተር ፓርክ ያለው ትሬስል የሚባል የብስክሌት ፓርክ ላይ ነው። ሊፍቱ የሚያወርድህ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ በለው። ረጅሙን ቁልቁል ጨርሰህ ስትቆም ዲስኩን አየት አድርገው፣ በጣትህ ግን እንዳትነካው። መሃል ለመሃል ወርቃማ ቡኒ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ቀለም ካወጣ በደንብ ተቃጥሏል። ከውሃ ኮዳህ አንድ ጠብታ ብትጥልበት ጭስ ብሎ ይጠፋል። የሸራው ሽታ ደግሞ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

አሁን «ይለሰልሳል» ያልከውን እንለየው፤ ሁለት የተለያየ በሽታ ነውና። እጀታው እንደወትሮው ጠንከር ብሎ ፍሬኑ ግን አልይዝ ካለ፣ የጋለው ሸራው ነው። እጀታው ራሱ ስፖንጅ ሆኖ ወደ መሪው ከተጠጋ ደግሞ ዘይቱ ፈልቷል፣ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር አለ። የመጀመሪያው ሸራ በመቀየር ይድናል። ሁለተኛው አየሩን አስወጥቶ ዘይቱን ማደስ ይፈልጋል። በሁለቱም አዲስ ፍሬን መግዛት የመጀመሪያው መድኃኒት አይደለም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምቀይረው ዲስኩን ነው። ያለህ 180 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 203 ስታሳድገው በዚያው የጣት ጉልበት 13 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ታገኛለህ። ብረቱም ስለሚበዛ ሙቀቱን ይችላል። ከ203 ወደ 223 ደግሞ ሌላ 10 በመቶ ገደማ። ውፍረቱንም አትርሳ። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊሜትር ነው፤ 1.5 ሲደርስ ይጣላል፣ ቁጥሩ ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ኤችኤስ2 የሚባለው የስራም ዲስክ 2 ሚሊሜትር ነው። ቲአርፒ የሚባለው ፍሬን ሠሪ ደግሞ ለዳውንሂል ፍሬኑ 2.3 ሚሊሜትር ያደርገዋል።

ቀጥሎ ሸራው። ርካሽ ፍሬን ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ሬዚን ሸራ ይዞ ነው የሚመጣው። ሬዚን ቀዝቃዛ ሳለ ቶሎ ይነክሳል፣ ድምፅም የለውም፣ ሲግል ግን ይከዳል። ሜታሊክ ሸራ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይለግማል፤ ሲሞቅ ግን እንደያዘ ይዘልቃል፣ ዝናብም አይበግረውም። ሲጮህ ጫካውን ይሰነጥቀዋል፣ እሱን ቻለው። አንዳንድ ርካሽ ዲስኮች ላይ ሬዚን ብቻ እንዲገጠም የሚል ጽሑፍ አለ። እሱ ካለ ሜታሊክ አትግጠምበት፣ ዲስኩን ይበላዋል።

አዲስ ሸራ ገጥመህም በቀጥታ ሊፍቱ ላይ አትውጣ። ማላመድ አለብህ። ደልዳላ ቦታ ላይ መጠነኛ ፍጥነት ያዝና እስከ እግረኛ እርምጃ ድረስ ቀንስ፤ ጎማው እንዲቆልፍ አታድርግ። እሱን 20 ጊዜ ያህል፣ ከዚያ ፈጠን ብለህ 10 ጊዜ። ይህን የስራም መመሪያም ይላል። ከሸራው ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ የሚለጠፈው በዚህ ጊዜ ነው፣ የሚይዘውም እሱ ነው። ይህን ሳያደርጉ «ይህ ፍሬን አይረባም» የሚሉ ሰዎች እዚህ ግሩፕ ውስጥም ሞልተዋል። የካቴና ቅባት ስትረጭም ዲስኩን ሸፍን። ዘይት የጠጣ ሸራ አለቀለት።

አሁን ወደ ስሞቹ። ከነዚህ አራት ፍሬኖች የኋላ ጎማ መቆለፍ የሚያቅተው የለም። መጨረሻ ላይ የሚያቆምህ ጎማው መሬቱን የያዘበት ኃይል ነው። ስለዚህ «በጣም ይይዛል» ማለት እዚያ ለመድረስ ጣትህ ምን ያህል ይለፋል ማለት ነው። ረጅም ቁልቁል ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክንድህ ሲጠጥርና ጣቶችህ ሲደነዝዙ ነው አደጋ የሚመጣው።

ሴይንት የቆየ ሰው ነው፣ በዚህ ቅርጹ ከ2012 ጀምሮ አለ። ነካ ስታደርገው ከች ነው፣ ወዲያው ይነክሳል። ደረቅ መሬት ላይ እወደዋለሁ፤ እርጥብ ሥር ላይ ግን መጠኑን መቁጠር ይከብደኛል። ኮድ ተቃራኒው ነው። ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው፣ ለጀማሪ ከሱ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ግን 95 ኪሎ ለማቆም ጣትህን ያሠራሃል። ፒስተኖቹ 15 እና 16 ሚሊሜትር ናቸው። በ2024 የወጣው ማቨን 18 እና 19.5 ነው። ስፋቱን ብታሰላው ከኮድ 45 በመቶ በላይ ይበልጣል። እርግጥ የእጀታው አሠራርም የራሱ ድርሻ አለው፣ ፒስተን ብቻ አይደለም። የማቨን ችግሩ መጀመሪያ ላይ እጀታው ይከብዳል። 60 ኪሎ የሆነች ጓደኛዬ ሞክራው «መኪና የማቆም ያህል ነው» ብላ መለሰችልኝ። እሷ ሄይስ ዶሚኒየን የሚባል ሌላ ፍሬን ገጥማ ደስ ብሏታል። እጀታው ላባ ነው፣ ካሊፐሩን (ፒስተኖቹን የያዘውን ክፍል) ከዲስኩ ጋር የምታስተካክልባቸው ትንንሽ ብሎኖችም አሉት።

ማጉራ ኤምቲ7 አራት ባለ 17 ሚሊሜትር ፒስተን ነው፤ ጉልበቱም ልስላሴውም አለው። ግን የእጀታው ቤት በካርቦን የተጠናከረ ፕላስቲክ ስለሆነ ብሎኑን በልክ አጥብቅ። እንግሊዝ ባርኖልድስዊክ የሚሠራውን ሆፕ የሚባለውን ፍሬን ስላልጠየቅክ ነው እንጂ፣ ዕቃ ጠግኖ መጠቀም ለሚወድ ሰው እሱ ነው። ትንሿ ጎሚኒ እንኳ ለብቻዋ ትሸጣለች።

አንድ በነጻ የሚገኝ ነገር ልጨምር። የእጀታውን ማሰሪያ ወደ መሪው መሃል ገፋ አድርገው፣ ሌባ ጣትህ የእጀታው ጫፍ ላይ እንዲያርፍ። በአንድ ጣት ብቻ ያዝ። ጫፉ ላይ ስትይዝ ያው ፍሬን ሌላ ፍሬን ነው የሚመስለው። ደግሞ ቁልቁሉን ሙሉ ፍሬን ነካ አድርገህ አትውረድ። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገህ ያዝና ልቀቅ፤ ዲስኩ የሚተነፍሰው ስትለቅ ነው። አሜሪካዊው የዳውንሂል ተወዳዳሪ አሮን ግዊን በ2015 ኦስትሪያ፣ ሊዮጋንግ ላይ ካቴናው ገና መነሻው ላይ ተበጥሶበት የዓለም ዋንጫ ውድድሩን አሸንፏል። ፔዳል መምታት አይችልም፤ የነበረው አላስፈላጊ ፍሬን አለመያዝ ብቻ ነው።

ከታች «አዲስ አበባ ሆኜ የቱን ላስመጣ?» ላልከው ልጅ፣ አንተ መጀመሪያ የምታየው ዘይቱን ነው። ኮድ፣ ሆፕና ዶሚኒየን ዶት በሚባለው የፍሬን ዘይት ነው የሚሠሩት። ዶት 5.1 ካጣህ ዶት 4 ይሆናል፣ እሱን ደግሞ ሶማሌ ተራ ገብተህ ከመኪና ዕቃ ቤት ታገኘዋለህ። ዶት 5 የሚለውን ግን እንዳትነካው፣ ሲሊኮን ነው፣ ሌላ ነገር። ሴይንት፣ ማቨንና ማጉራ የሚፈልጉት ሚኒራል ዘይት ነው፤ እሱን ከፍሬኑ ጋር አብረህ አስመጣ። ሁለቱን ካቀላቀልክ ጎሚኒዎቹ ያብጡና ፍሬኑ ይበላሻል። የዶት ቆርቆሮ ስትገዛ ትንሹን ግዛ። ከተከፈተ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የሳበ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል።