መልስ፦ ከቼክ አገር የመጡትን የባለቤትሽን ቅድመ አያት ለምትፈልጊው እህት

እህቴ፣ «ባለቤቴ ኔብራስካ የተወለደ የቼክ ዘር ነው። ቅድመ አያቱ በመርከብ መጥተው፣ ገበሬ ሆነው፣ ብዙ ልጆች ወልደው እንደሞቱ ብቻ ነው የሚታወቀው። ታሪካቸውን ለልጆቼ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ኦማሃ ሆኜ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ስንከራተት መንገድ የሚያሳየኝ አንድ ሰው አላገኘሁም። አንቺ እንደ እኔ እንዳትጎጂ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ለዚህ ያነሳሳችኝ ልጄ ናት። ትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሥሩ ተብለው መጣች። በእኔ በኩል እናቴ ከደብረ ብርሃን በስልክ ሰባት ቤት ቆጠረችላት፤ አንዴ እንኳ አልተደናቀፈችም። በአባቷ በኩል ግን ከአያቱ አልፎ የሚናገር ጠፋና የወረቀቱ ግማሽ ባዶ ቀረ። ያን ወረቀት አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ እስክሞላውም ድረስ እረፍት አልነበረኝም።

አንደኛ፣ ስም አይምራሽ። የባለቤቴ ቅድመ አያት በተወለዱበት መንደር ቫትስላቭ ናቸው። ኒው ዮርክ በደረሰው የመርከብ ዝርዝር ላይ በጀርመንኛ ቬንዜል ተብለዋል። እዚህ ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ጄምስ። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። ቼኮች አሜሪካ ሲገቡ ቫትስላቭ ጄምስ፣ ፍራንቲሼክ ፍራንክ፣ ቮይቴህ አልበርት መባሉ የተለመደ ነበር። ሴቶቹም በአገራቸው በቤተሰቡ ስም መጨረሻ ላይ የሚጨመርላቸው «ኦቫ» እዚህ ሲደርስ ተቆርጦ ይቀራል። የባለቤቴ ዘመዶች «ስማችንን የቀየሩት ኤሊስ ደሴት (ኒው ዮርክ ያለው የስደተኞች መቀበያ) ላይ ነው» እያሉ ይምላሉ። ሽማግሌው የገቡት በ1876 ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዥልኝ)፤ ኤሊስ ደሴት የተከፈተው በ1892። እዚያም ቢሆን ጸሐፊዎቹ ከመርከቡ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ ነበር እንጂ ለሰው ስም አያወጡም።

ሁለተኛ፣ «ቼክ ከሆኑ ካቶሊክ ናቸው» ብለሽ ከቤተ ክርስቲያን አትጀምሪ። እኔ የጀመርኩት ከዚያ ነው። ወደ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ደውዬ መልስ ሳጣ፣ ልጄን ይዤ ሁለት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «አንቺን ከዚህ ቤተሰብ ጋር ምን ያገናኝሻል?» አለችኝ። የባለቤቴን የቤተሰብ ስም የያዘውን መታወቂያዬን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። አላነሳችውም። «ዘመድ ላልሆነ ሰው መዝገብ አናሳይም» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የእነዚያ ገበሬዎች ደም ያለባት ልጄ ከጎኔ ቆማ ነበር። ቅድመ አያቶቿ ባቀኑት ምድር ላይ እንደ ባዕድ ስትታይ ማየቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ንዴቱ ወደ ባሰ ስህተት ገፋኝ። በኢንተርኔት ላገኘሁት አንድ የዘር ሐረግ አጥኚ ነኝ ባይ 850 ዶላር ከፈልኩ። እርሱም ቫትስላቭ የሚባል፣ የቤተሰቡ ስም ያለው፣ ዕድሜው የሚገጥም፣ ሚስቱም አና የተባለች ሰው ከአጎራባች አውራጃ አምጥቶ ሰጠኝ። ስሙ በእነርሱ ዘንድ እንደ እኛ ከበደና አበበ በየመንደሩ ያለ ነው፤ አናም እንደዚያው። እኔ ግን ደስታ አሳውሮኝ ለቤተሰቡ ዓመታዊ ስብሰባ አርባ መጽሐፍ አሳተምኩ።

በስብሰባው ላይ የአማቴ ታላቅ እህት ተቀምጠዋል፤ ያን ጊዜ 91 ዓመታቸው ነበር። የያዙትን ኮላች፣ መሃሉ ላይ የፕለም ማርማላታ ያለበትን ክብ ዳቦ፣ ሳህኑ ላይ መለሱና እጃቸውን ጠርገው መጽሐፉን ገለጡ። የልጆቹን ስም በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ስድስት። ከዚያ መጽሐፉን ዘጉት። «አያቴ አሥራ አንድ ነው የወለደችው። ይህች ሴት አያቴ አይደለችም» አሉኝ። አርባውንም መጽሐፍ ከየሰዉ እጅ ሰብስቤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እህቴ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ቁልፉ ያለው በልጆቹ ብዛት ውስጥ ነው። እኔ የምከተለው የባለቤቴን መስመር ብቻ ነበር፤ ከሽማግሌው ወደ መጨረሻው ልጃቸው፣ ከእርሱ ወደ አማቴ። የቀሩትን አሥሩን ከቁጥር አላስገባኋቸውም። ስም ይምታታል፤ አሥራ አንድ የወለደች አና ግን በአንድ አውራጃ ውስጥ እንደልብ አትገኝም። የ1900 የሕዝብ ቆጠራ እያንዳንዷን እናት ስንት እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ይጠይቃል። በእነዚያ ሁለት ዓምዶች ውስጥ 11 እና 8 ተጽፎ አገኘሁ። የባልየው ስም ጄምስ ይላል። እኔ ቫትስላቭ ቫትስላቭ እያልኩ በዚያ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ!

የጎደሉት ሦስት ልጆች በ1880 ቆጠራ የሉም፤ ገና አልተወለዱም። በ1900ም የሉም፤ ሞተዋል። በመካከል ያለው የ1890 ቆጠራ ደግሞ በ1921 ዋሽንግተን ላይ በተነሳ ቃጠሎ ምክንያት ጠፍቷል። ያገኘኋቸው መቃብር ላይ ነው፤ የካቶሊክ መቃብር ግን አይደለም። ከቦሂሚያ፣ ማለትም ከቼኮች አገር፣ የመጡት ብዙዎቹ ይገዛቸው ከነበረው ከኦስትሪያው የሃብስበርግ መንግሥት ጋር ተቆራኝታለች የሚሏትን ቤተ ክርስቲያን ትተው «ነጻ አሳቢ» ከሚባለው ወገን ነበሩና የራሳቸውን መካነ መቃብር ለይተዋል። ከጉልበቴ የማይበልጥ አንድ ድንጋይ አለ። በቼክኛ «እዚህ ያርፋሉ» ይልና ሦስት ስም ይከተላል፤ ሦስቱም በአንድ የበረዶ ወራት፣ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ። አክስቲቱን ስጠይቃቸው «ዲፍቴሪያ፣ ያ ጉሮሮ የሚዘጋው በሽታ ነው። አያቴ ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አላነሳችም» አሉኝ። ያቺ ጸሐፊ ምንጣፍ አንጥፋ ብትቀበለኝ እንኳ እነዚህ ልጆች በመዝገቧ ውስጥ አልነበሩም።

መንደራቸውን የሰጠኝ ደግሞ እድር ነው። አዎ፣ እኛ እድር የምንለው እነርሱም ነበራቸው። በ1897 እዚሁ ኦማሃ የተመሠረተው የምዕራብ ቼክ ወንድማማች ማኅበር አባሉ ሲሞት ለቤተሰቡ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ ሴቶችንም በአባልነት ይቀበል ነበር። የበኩር ልጃቸው ሴት ናት፤ በእናቷ እቅፍ ሆና ከአገሯ የመጣች። ማኅበሩ ውስጥ ስትገባ የሞላችው ቅጽ የትውልድ ቦታዋን በመንደር ስም ይናገራል። የሽማግሌው ወረቀቶች ግን ሁሉም «ኦስትሪያ» ወይም «ቦሂሚያ» ብለው ያልፋሉ። እኔ ከመጨረሻው ልጅ ጀምሬ ወደ ላይ ስቆፍር የኖርኩት መልሱ በመጀመሪያዋ እጅ እያለ ነው።

ሦስተኛ፣ በወደብ መዝገብ ብዙ አትድከሚ። ከጀርመኑ ወደብ ከሃምቡርግ ተሳፍረው ከሆነ የመጡበት ቦታ ተጽፎ ልታገኚ ትችያለሽ፤ እንደ እኛዎቹ ከብሬመን ከተነሱ ግን አብዛኛው መዝገብ የለም። ይልቅ የመሬት ፋይላቸውን ፈልጊ። በ1862 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት አምስት ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ በእኛ ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ፋይሉ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ፤ ሁለት ጎረቤቶች የመሰከሩበት ነው። «ከነሣሩ በተቆረጠ አፈር የተሠራ ቤት፣ 14 በ20 ጫማ፣ አንድ በር፣ ሁለት መስኮት፤ ሚስትና አምስት ልጆች» ይላል፤ ዘመኑ 1885 ነው። ከታች ፊርማቸው አለ። በቫትስላቭ መነሻ ፊደል ጀምረው፣ ፊደሉን በአንድ ጭረት ሰርዘው፣ ጄምስ ብለው ጨርሰውታል። ያን ጭረት ሳይ ብቻዬን አለቀስኩ።

የመንደሩ ስም ከታወቀ በኋላ የቀረው ትዕግሥት ነው። የደቡብ ቦሂሚያ የጥምቀት መዛግብት ትሬቦን ከተማ ባለው ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያሉ፤ ክፈይ የሚልሽ ቢኖር እንዳትሰሚው። የድሮውን የጀርመን እጅ ጽሕፈት ለማንበብ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። መዝገቡ የሕፃኑን ቤት ቁጥር፣ የአባቱን ኑሮ፣ የሁለቱንም ወገን አያቶች ይጽፋል። የሽማግሌው አባት «ፖድሩህ» ተብለዋል፤ የራሱ ቤትና መሬት የሌለው፣ በሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ማለት ነው። ሮቦታ የሚሉት፣ ለባለርስቱ በነጻ የማረስ ግዴታ፣ በ1848 ተሽሯል፤ እርሳቸው የተወለዱት በ1851 ነው። ከጭሰኛ ቤት የወጣ ልጅ ባለ ጋሻ መሬት ሆኖ አሥራ አንድ ልጅ እንዳፈራ የባለቤቴ ቤተሰብ የሰማው ከእኔ፣ ከሐበሻዋ ሚስት ነው። አሁን አንድ ነገር ሲጠፋባቸው የሚደውሉት ለእኔ ነው።

በይ ነገ ዛሬ ሳትዪ በባለቤትሽ ወገን በዕድሜ ለገፉት ሰው ደውዪ። ስለ ሽማግሌው ሳይሆን ስለ ልጆቹ ጠይቂ፤ ስንት ነበሩ፣ በሕፃንነታቸው የሞቱትስ፣ የበኩሯ ወይም የበኩሩ ማን ይባላል፣ የት ተቀበሩ። የመቃብሩን ድንጋይ ፎቶ ከነፊደሎቹ ምልክት ላኪልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ቼክኛውን አብረን እናነበዋለን።