የማይሰማኝ እግሬ ለምን ያቃጥለኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የ33 ዓመት ሴት ነኝ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአከርካሪ ቲቢ ይዞኝ ሕብለ ሰረሰሬን ተጭኖት ነበር። የ12 ወሩን መድኃኒት ጨርሼ ቲቢው ጠፍቷል ተባልኩ። እግሮቼ ግን እንደ ድሮው አልሆኑልኝም። በምርኩዝ ነው የምሄደው፤ ሲመሽ ግትር ይላሉ። ከጉልበቴ በታች ቢቆነጥጡኝ አይሰማኝም። ሌሊት ግን እዚያው ቦታ ላይ በርበሬ የተቀባሁ ያህል ይለበልበኛል። ባለቤቴ «የማይሰማሽ እግር እንዴት ያምሻል?» ይለኛል። ፓራሲታሞልም ዲክሎፌናክም ወሰድኩ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ይሽሽ ትላለች። የማስተምርበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በባለቤትሽ ጥያቄ ልጀምር፤ እኔም ስጠየቅ ኖሬያለሁና። ጣርማ በር ላይ መኪና ተገልብጦ አከርካሪዬ ከተጎዳ ወዲህ ግራ እግሬ መርፌ ቢወጉት አያውቅም። ያው እግር ሌሊት ያቃጥለኛል። ህመሙ የሚነሳው ከእግር ሳይሆን ከተጎዳው ሕብለ ሰረሰር ነው። ከእግር ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ሲቋረጥ ወይም ሲዛባ፣ ነርቮቹ ራሳቸው ያለ ምክንያት የህመም ምልክት መላክ ይጀምራሉ። አንጎል ደግሞ ከእግር የመጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ያምሻል፤ እውነት ነው። ይህችን አንቀጽ ለባለቤትሽ አንብቢለት።

ዲክሎፌናክ ያልሠራልሽም ለዚሁ ነው። ለነርቭ ህመም የሚሰጡት ሌሎች ናቸው፤ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሬጋባሊን። ሐኪሙ በትንሽ መጠን ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምርልሻል። አሚትሪፕቲሊን ታዞልሽ ፋርማሲ ውስጥ «ይሄ የድብርት መድኃኒት ነው» ቢሉሽ አትደንግጪ። ለነርቭ ህመምም ይታዘዛል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ሽንት አልወጣ የሚልሽ ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ለውጡ በሳምንታት እንጂ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብዬ ግን አልሸነግልሽም። ሐኪሞች ህመሙ በ30 በመቶ ሲቀንስ ጥሩ ውጤት ይሉታል። ለእኔ ያ ማለት እንቅልፍ ነው፤ እንቅልፍ ያገኘ ሰው ደግሞ ቀኑን ይችለዋል።

ግትር ማለቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ለእሱ ባክሎፈን የሚባል መድኃኒት አለ። ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ከጀመርሽው በድንገት አታቋርጪው፤ እንደሚጥል በሽታ አንቀጥቅጦ እስከመጣል ይደርሳል። ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ቀጥ አድርጎ የሚያቆምሽ ያ ግትርነት ራሱ ነው። መጠኑ ከበዛ ጉልበትሽ ይከዳሻል። ግትርነቱ ከወትሮው ከባሰብሽ ደግሞ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም ያላየሽው ቁስል ይኖር እንደሆነ ፈልጊ። ሰውነታችን ሕመሙን በዚያ በኩል ነው የሚናገረው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። የእኛን አገር ብርድ ታውቂዋለሽ። እኔ ያለሁበት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የእናንተ መንዝ ይብሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጡንቻችን ተኮማትሮ ያድራል። ሙቀት ፈልጎ ከሰል ምድጃ አጠገብ መቀመጥ ያለ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ተቀምጦ ሲጫወት የናይለን ካልሲው ቀልጦ ተረከዙ ላይ ተጣበቀ። ያወቀው እናቱ «ምን ሸተተኝ?» ስትል ነው። ቁስሉ ለመዳን ወራት ፈጀ። የፈላ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ እግር ሥር ማስገባትም እንዲያው ነው። እባክሽ፣ የማይሰማሽን ቦታ በእሳትም በፍል ውኃም አታሙቂ። የመታጠቢያ ውኃ በክርንሽ ለኪ። አልጋውን ሳትተኚ በፊት አሙቂው፤ ስትገቢ ጠርሙሱን አውጪ። ከዚያ የሱፍ ካልሲና የመንዝ ባና ይበቃሻል። ጠዋት ተረከዝሽን፣ ጣቶችሽንና መቀመጫሽን በመስታወት እዪ። መቅላት ካየሽ መቅላቱ እስኪጠፋ ድረስ እዚያ ላይ ክብደት አታሳርፊ።

በነገራችን ላይ አጎዛ ካለሽ ከሥርሽ አንጥፊው። ጠጉሩ ያልረገፈ የበግ አጎዛ የመኝታ ቁስል ለመከላከል ይረዳል። በየጊዜው መገላበጡን ግን አይተካም።

አልጠየቅሽኝም እንጂ አቅምሽን ስለ መቆጠብም ልበል። ጠዋት ደህና ስለሆንሽ ውኃውንም ቤቱንም ገበያውንም በአንድ ጊዜ አትጨርሺ። ማታ የምትከፍይው ይበዛል። ሽንኩርት ስትከትፊ ተቀመጪ። ስታስተምሪም ከፍ ያለ ወንበር አስቀምጪና ተቀመጪ። ረጅም መንገድ በዊልቸር መሄድም ሽንፈት አይደለም። እኔ ቤት ውስጥ በክራንች እሄዳለሁ፣ ለቅሶና ገበያ በዊልቸር። ሰው መጀመሪያ «ባሰበት እንዴ?» ብሎ አዝኖልኝ ነበር። አሁን ግን ለቅሶ ቤት እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ፤ ቤቴ ስገባም ከልጆቼ ጋር የምጫወትበት አቅም ይተርፈኛል። ፊዚዮቴራፒስት ካገኘሽ የምርኩዝሽን ቁመት አስተካክሎ፣ እግርሽን እንዴት ማፍታታት እንዳለብሽ ለባለቤትሽም ያሳየው።

እናትሽን በአክብሮት እንቢ በያት። ወጌሻ በቲቢ የተበላ አከርካሪ እንዲነካ አትፍቀጂ፤ አጥንቱ ከተንሸራተተ ያለሽንም እንቅስቃሴ ታጫለሽ። ጸበል ብትልሽ ሂጂ፤ እኔም ጻድቃኔ ማርያም እሄዳለሁ፣ ክኒኔን በኪሴ ይዤ። ቀዝቃዛው ውኃ ስለሚያኮማትርሽ ግን የሚደግፍሽ ሰው አብሮሽ ይግባ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድደዋል። የሐኪም ማስረጃ አያይዘሽ ምድር ቤት ያለ ክፍል እንዲሰጥሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ቅጂውን አስቀሪ።

አንድ ነገር ብቻ ቀጠሮ አይጠብቅም። እግርሽ ከነበረው በድንገት ከደከመ፣ ሽንት እንቢ ካለሽ ወይም ካመለጠሽ፣ በጭንሽ መሃል መደንዘዝ ከጀመረሽ፣ ወይም የጀርባ ህመሙ ከትኩሳትና ከሌሊት ላብ ጋር ከተመለሰ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። የድሮውን ኤምአርአይና የቲቢ ሕክምና ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ።