በፈጣን መኪና የረጅም ርቀት ራሊ ለመግባት ላሰበው ወንድማችን

ወንድማችን ሲመኘው የኖረውን ፈጣን መኪና ገዝቷል። አሁን በርካታ አገሮችን አቋርጦ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚጓዝ ራሊ ለመመዝገብ አስቦ «ክፍያው ያዋጣል ወይ? መኪናዬ ላይ ምን ልጨምር? ከማን ጋር ልሂድ?» ሲል ጠይቋል። እንዲህ ባሉ ጉዞዎች በአሽከርካሪነትም በረዳትነትም ስለተሳተፍኩ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። እንደ ታናሽ ወንድሜ አንተ እያልኩ ነው የምጽፍልህ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ክፍያው ከማሰብህ በፊት አዘጋጆቹን «ቀድሞ የደረሰ ይሸለማል ወይ?» ብለህ ጠይቃቸው። መልሱ አዎ ከሆነ፣ ወይም ተድበስብሶ ከመጣልህ፣ አትመዝገብ። የጣሊያኑ ሚሌ ሚሊያ ከ1927 ጀምሮ ከብሬሻ ተነስቶ ሮም ደርሶ የሚመለስ፣ በአደባባይ መንገድ ላይ የሚካሄድ የለየለት የፍጥነት ውድድር ነበር። በ1957 ጉዊዲትሶሎ አካባቢ የአንድ ፌራሪ ጎማ ፈነዳና መኪናው ሰው መሐል ገባ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎችና ዘጠኝ ተመልካቾች ሞቱ፤ ከተመልካቾቹ አምስቱ ልጆች ነበሩ። የፍጥነት ውድድሩ በዚያው አከተመ። ከ1977 ወዲህ በዚያው ስም የሚደረገው የቆዩ መኪናዎች ጉዞ የሚሸልመው የተመደበለትን ሰዓት አጥብቆ የጠበቀውን ነው፤ ቀድሞ መድረስም እንደ መዘግየት ነጥብ ያስቀንሳል። እንዲህ ያለ ደንብ ያለው ራሊ ካገኘህ ዓይንህን ሳታሽ ተመዝገብ።

ደንቡ ላይ «ውድድር አይደለም» ተብሎ መጻፉ ግን ብቻውን አይበቃም። በ1999 የተጀመረው ጋምቦል 3000 የተባለ ራሊ ውድድር አይደለም ይባላል፤ ሆኖም በ2007 መቄዶንያ ውስጥ አንድ ተሳታፊ መኪና ከአካባቢው ነዋሪዎች መኪና ጋር ተጋጭቶ በራሊው ምንም ድርሻ ያልነበራቸው ባልና ሚስት ሕይወታቸው አለፈ፤ የዚያ ዓመት ጉዞም ተቋረጠ። ስለዚህ ቀደም ሲል የተሳተፈ ሰው ፈልገህ ማታ እራት ላይ ወሬው ስለ ምን እንደሆነ ጠይቀው። ስለ መንገዱና ስለ መኪናዎቹ ከሆነ ደግ ነው። ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ከፖሊስ አመለጠ ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ያለው ደንብ ለይስሙላ ነው ማለት ነው።

ቀጥለህ የመድን ውልህን አውጣና «የማይሸፈኑ ጉዳዮች» የሚለውን ክፍል አንብብ። ብዙ ውሎች ውድድርን፣ የፍጥነት ፈተናንና ራሊን በግልጽ ያገላሉ፤ ሰዓት ጠባቂው ራሊም ሳይቀር በዚህ ሊመታ ይችላል። በስልክ «ችግር የለውም» የሚልህን ሠራተኛ አትመን። የራሊውን ደንብ አያይዘህ በጽሑፍ ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። ሕጉም ቀላል አይደለም። ያለ ገደብ የሚነዳባቸው መንገዶች ያሏት ጀርመን እንኳ ከ2017 ጀምሮ ያልተፈቀደ የመኪና ውድድርን በወንጀል ትቀጣለች፤ አዘጋጁም ተሳታፊውም ሊታሰሩ፣ መኪናውም ሊወረስ ይችላል። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ የውክልና ወረቀት፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ፣ እንደየአገሩም የጉምሩክ ዋስትና ሰነድ ያስፈልግሃል። ይህን አዘጋጆቹ ይነግሩሃል፤ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። 500 ኪሎ ሜትር በሰዓት 130 ብትነዳ ሦስት ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይፈጅብሃል። ሳታቋርጥ በ160 ብትነዳው ደግሞ ሦስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ገደማ። ትርፉ አርባ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ እሱም መንገዱ ባዶ ከሆነና ነዳጅ ካልጨረስክ ነው። በ160 የሚነዳ ኃይለኛ ሞተር ደግሞ ነዳጅ ይጨርሳል፤ አንድ ተጨማሪ ማደያ፣ አንድ ወረፋ፣ ትርፉ እልም ይላል። በአንጻሩ ፍሬኑ ሊውጠው የሚገባው ጉልበት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሆናል፤ አንዲት ሰከንድ ብትዘናጋም 44 ሜትር ሄደሃል። በ1971 የእሽቅድምድም አሽከርካሪው ዳን ገርኒና ጋዜጠኛው ብሮክ ዬትስ ሕግ ሳይገዛቸው አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በፌራሪ ዴይቶና ሲያቋርጡ 35 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። የሄዱት ርቀት ለሰዓቱ ሲካፈል በአማካይ በሰዓት 129 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። እንደዚያ ዓይነት መኪና፣ እንደዚያ ዓይነት አሽከርካሪ ይዞም ቀኑን የሚወስነው መቆሙና መነሣቱ ነው።

መኪናው ላይ ምን ልጨምር ላልከው፣ ምንም አትጨምር። ኃይል የሚጨምር ማሻሻያ ከጉዞው በፊት ባሉት ሳምንታት ከተሠራ፣ ከቤትህ ርቀህ የሚቆምበትን ምክንያት በገዛ ገንዘብህ መግዛት ነው። ገንዘብህን ጎማና ፍሬን ላይ አውለው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲገባበት ግን ዝቅተኛው መስፈርት 155 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ከሠራ ፔዳሉን ስትረግጠው እስከ ወለሉ ይወርዳል። አስቀይረው፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረድ።

ጎማን በተመለከተ በዓይን ማየት አይበቃም። ፈጣን መኪናዎች ጥምዝ ላይ መንገድ እንዲይዙ ጎማቸው አናቱ ወደ ውስጥ ያጋደለ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ከውጭ አዲስ የሚመስል ጎማ ከውስጥ ጠርዙ ተበልቶ ታገኘዋለህ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ መሪውን እስከ ዳር አዙረህ መዳፍህን ከጎማው በስተጀርባ አስገባና ውስጠኛውን ጠርዝ ዳብሰው። ጥርሱ ጠፍቶ ልሙጥ ከሆነብህ፣ ይባስ ብሎም ሽቦ ጣትህን ከነካህ፣ ያ ጎማ የትም አይሄድም። የኋላውን በባትሪ መብራት ጎንበስ ብለህ እይ። በረዳትነት በተሳፈርኩበት አንድ ጉዞ የጓደኛዬን መኪና እንዲህ ስዳብስ ሽቦ ነክቶኝ፣ አዲስ ጎማ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ቆመናል፤ ማንም ቅር አላለውም። ጎኑ ላይ DOT ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሩሃል፤ 2322 ማለት የ2022 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ መኪናዎች ተጠባባቂ ጎማ የላቸውም፤ የሚሰጡህ መድፈኛ ፈሳሽ ደግሞ ምስማር የበሳውን እንጂ ጎኑ የተቀደደውን አያድንም። የፊትና የኋላ መጠኑም ስለሚለያይ፣ ከመነሣትህ በፊት በመስመሩ ላይ ያሉ ከተሞች ውስጥ የአንተን መጠን ማን እንደሚሸጥ አጣርተህ ስልኩን ያዝ።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ስለ ሰልፍ ነው። አራት አምስት ሆኖ ተከታትሎ መንዳት ደስ ይላል፤ አደጋውም ያለው እዚያው ነው። ፊተኛው ሲቀድም መንገዱን አይቶ ነው። ሦስተኛው የሚያየው የሁለተኛውን ጀርባ ብቻ ነው፤ «እነሱ አለፉ» ብሎ ይወጣል፣ ከፊት የጭነት መኪና ይመጣበታል። መጨረሻ ያለው ደግሞ ላለመቅረት ሲል ከሁሉም የበለጠ ለመፍጠን ይገደዳል፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚሆነው ደግሞ ልምድ የሌለው ነው። ስለዚህ ማታ የሚቀጥለውን ማደያ ተስማሙና እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሂድ፤ ማንም ማንንም አይከተል።

ከማን ጋር ልሂድ ላልከው፣ «ቀስ በል» ሲልህ የምትሰማውን ሰው ውሰድ። የልብ ወዳጅ መሆኑ አያስፈልግም። እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ስተርሊንግ ሞስ በ1955 ሚሌ ሚሊያን በአሥር ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሲያሸንፍ ጎኑ የነበረው ዴኒስ ጄንኪንሰን ጥምዞቹን ሁሉ በጥቅል ወረቀት ጽፎ ይዞ፣ የሞተሩ ድምፅ ስለማያሰማ በእጅ ምልክት ያሳየው ነበር። ሞስ ያንን እጅ ባያምን ኖሮ ምልክቱ ዋጋ አልነበረውም። እኔና ረዳቴ የምንስማማው በአንድ ነገር ነው፤ መሪ ያልያዘው «ቁም» ካለ ክርክር የለም፣ ይቆማል። ማታ ግብዣ ላይ የቆየ ሰው ጠዋት መሪ አይዝም፤ መጠጡ በእንቅልፍ ብቻ አይወጣም።

ከተማ ስትወጡ ስልክ የደገኑ ወጣቶች ሞተሩን እንድታስጮኽ ይለምኑሃል። ጎማው ቀዝቃዛ ነው፣ ሕፃናት ከመንገዱ ዳር ናቸው። እጅህን አውለብልብላቸውና በዝግታ እለፍ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ሆቴልን፣ እራትንና የመኪና ማቆሚያን ነው፤ ነዳጅ፣ የመንገድ ክፍያና መኪናውን የማጓጓዣ ወጪ በአንተ ላይ ነው። በእኔ ግምት ከታላላቆቹ ዝግጅቶች ክፍያ ብዙው ለድግሱ የሚውል ነው። ድግስ የምትወድ ከሆነ አይቆጭህም። መንዳት የምትወድ ከሆነ ግን ሠላሳ አርባ መኪና ብቻ የሚሳተፍበት፣ በተራራ መንገድ የሚሄድ፣ የመኪና ወዳጆች ክበብ የሚያዘጋጀው ራሊ የበለጠ ያረካሃል፤ ሁልጊዜ የምመርጠውም ያንን ነው።

የመኪናህን ዓይነት፣ የጎማውን መጠንና የታሰበውን መስመር እዚሁ ጻፍልኝ። የት የት ነዳጅ መሙላት እንዳለብህ፣ ከየትኛው ቁልቁለት በፊት ፍሬኑን ማሳረፍ እንደሚያስፈልግህ በካርታው ላይ አብረን እናያለን።