ባዶዎቹን ፊልዶች ከኤክስኤምኤሉ እንዴት ላስቀር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ በሲ ሻርፕ የሰራተኞችን መረጃ ወደ ሌላ ሲስተም የሚልክ ፕሮግራም እየሰራሁ ነው፣ ኦብጀክቱን በኤክስኤምኤል ሲሪያላይዘር (ኦብጀክትን ወደ ኤክስኤምኤል ጽሑፍ በሚቀይረው ክላስ) ስቀይረው ያልተሞሉት ሁሉ ባዶ ታግ ሆነው ይወጣሉ። ቀኑንም ሳይቀር ስትሪንግ አድርጌ ነው የያዝኩት፣ ተቀባዩ ደግሞ ባዶ የልደት ቀን ሲያይ ፋይሉን እንዳለ ይመልስብኛል። ለጊዜው ባዶ ታጎቹን በሪፕሌስ እየቆረጥኩ እልካለሁ ግን ልቤ አላረፈም፣ ሌላ መንገድ የለውም?

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ ሪፕሌሱን ዛሬውኑ አውጣው። ባዶ ታግ አንዴ ተከፍቶ ተዘግቶ አንዴ ራሱን ዘግቶ አንዴ አትሪቢዩት ይዞ ይመጣል፣ አንዱን ስትቆርጥ ደሞ ውስጡ የነበረበት ታግ ራሱ ባዶ ይቀራል፣ አያልቅም።

መጀመሪያ ናልን (ምንም ዋጋ ያልተሰጠውን) ከባዶ ስትሪንግ (አንድም ፊደል ከሌለው ጽሑፍ) ለይ። ሲሪያላይዘሩ ናል የሆነ ስትሪንግ ሲያገኝ ራሱ ይዘለዋል፣ ባዶ ስትሪንግ ግን ለሱ ዋጋ ስለሆነ ይጽፈዋል። ስለዚህ ከፎርሙ ባዶ የመጣውን እዛው ሴተሩ (ፕሮፐርቲው ዋጋ የሚቀበልበት ኮድ) ላይ ናል አድርገው፣ የልደት ቀኑ ታግ ይጠፋል።

ጉዱ ያለው ቁጥር ላይ ነው። ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ናል መሆን ስለማይችል ሳይሞላም 0 ብሎ ይወጣል፣ ናላብል (ናል መሆን የሚችል) ስታደርገው ደሞ ታጉ አይጠፋም፣ ናል መሆኑን የሚናገር አትሪቢዩት ለጥፎ ይወጣል። እዚህ ጋ የሚያድንህ ሹድሲሪያላይዝ (ShouldSerialize) ነው፣ ይሄን ቃል ከፕሮፐርቲው ስም ፊት ገጥመህ ፐብሊክ ሜተድ ትሰራለህ፣ ፓራሜትር አይቀበልም፣ ፎልስ ከመለሰ ፊልዱ ከነታጉ ይዘለላል። ሲሪያላይዘሩ በስሙ ፈልጎ ነው የሚያገኘው፣ አንዲት ፊደል ከሳትክ ኤረር አይሰጥህም፣ ዝም ብሎ አይሰራም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት ይባክናል። ባዶ ሊስትንም በዚሁ መንገድ ታስቀረዋለህ።

ዲፎልት ቫልዩ የሚባለውን የሲ ሻርፕ አትሪቢዩት (ዋጋው ከተሰጠው ጋር እኩል ሲሆን ፊልዱን የሚያስዘልለውን) 0 ሰጥቶ መገላገል ግን አልመክርህም። የልጆች ብዛት 0 ብሎ የሞላ ሰራተኛ ልጅ የለኝም ብሎ መልሷል፣ ናል የሆነው ገና አልተጠየቀም፣ ሁለቱንም ካጠፋሃቸው ተቀባዩ በምን ይለያቸዋል?

ሌላው፣ የተቀባዩን ኤክስኤስዲ (የትኛው ታግ ግዴታ እንደሆነ የሚደነግገውን ፋይል) ክፈተው። ሚንኦከርስ (ታጉ ቢያንስ ስንት ጊዜ መምጣት እንዳለበት) 0 የተባለለትን ነው መዝለል የምትችለው፣ ምንም ካልተጻፈበት 1 ማለት ነው፣ እሱን ብታስቀረው ፋይሉ አሁንም ይመለሳል። የልደት ቀኑ እንደዛ ግዴታ ከሆነ ኮዱን አትነካካ፣ ሰራተኛውን ጠይቀህ ሙላው።