ማንን ገጠመ? ስለ ዌልተርዌይት ቦክስ ጥያቄዎቻችሁ

ጎንደር የእግር ኳስ ከተማ ናት። ፒያሳ ላይ ስለ ፋሲል ከነማ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። የቦክስ ወዳጁ ቁጥር ግን ቢያንስም ክርክሩ አይጣል ነው። ባለፈው ስለ ዌልተርዌይት፣ ማለትም ስለ 66.7 ኪሎ ምድብ፣ ጥቂት ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። የተወሰኑትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አምስቱን የምንጊዜም ምርጥ ዌልተርዌይቶች በቅደም ተከተል አስቀምጥልን። ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ። (ከፒያሳ)

እሺ። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን፣ ሄንሪ አርምስትሮንግ፣ ሹገር ሬይ ሊዮናርድ፣ ሆሴ ናፖሌስ፣ ኪድ ጋቪላን።

መለኪያዬ አንድ ነው፦ ማንን ገጠመ? የሻምፒዮንነት ቀበቶ ሊገዛ፣ ሊሸሽበት፣ ሊደበቅበትም ይችላል። የተጋጣሚዎችን ስም ዝርዝር ግን መደበቅ አይቻልም።

በሮቢንሰን አንደኛነት ብዙ ሰው አይጣላም። ፕሮፌሽናል የሆነው በ1940 ነው። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ግን በ1946 መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ከ70 በላይ ፍልሚያ አሸንፎ ነበር። አስቡት፣ ይህን ሁሉ አሸንፎ ገና ተራ ይጠብቃል! እስከዚያ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1943፣ በጄክ ላሞታ። ላሞታ ደግሞ ሚድልዌይት፣ ማለትም ከዌልተርዌይት በላይ ባለ ምድብ የሚጋጠም ነበር። የዚያን ቀን ከሮቢንሰን ከ7 ኪሎ በላይ ይከብድ ነበር። ሮቢንሰን በዚያው ወር ተመልሶ ገጠመውና አሸነፈው። በጠቅላላው 6 ጊዜ ተገናኝተው 5ቱን ወስዷል። የድሮ ቪዲዮዎቹን ፈልጋችሁ እዩ። ወደ ኋላ እየሄደ እንኳ በአንድ ቡጢ ሰው መጣል ይችላል።

አርምስትሮንግ በ1938 የፌዘርዌይት፣ የላይትዌይት (ሁለቱም ከዌልተርዌይት በታች ናቸው) እና የዌልተርዌይት ሻምፒዮንነትን በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። ያኔ ምድቦቹ 8 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆነዋል። የዌልተርዌይቱን ክብር ከባርኒ ሮስ ሲወስድ የራሱ ክብደት 61 ኪሎ ገደማ ነበር። በ1939 ኦክቶበር ወር ብቻ ክብሩን 5 ጊዜ አስጠብቋል። የዛሬ ሻምፒዮን በሁለት ዓመት 5 ጊዜ ቢጋጠም ጎበዝ እንለዋለን።

ናፖሌስ ኩባዊ ነው። ኩባ ፕሮፌሽናል ቦክስን ስትከለክል ወደ ሜክሲኮ ሄደ። በ1969 ሻምፒዮን ሆነ፤ በመሃል ፊቱ ተሰንጥቆ ቀበቶውን ለወራት ቢያጣም መልሶ እስከ 1975 መጨረሻ ይዞታል። አምስተኛው ላይ ከኤሚል ግሪፊዝ ጋር ብዙ አመነታሁ። ጋቪላንን ያስመረጠኝ በ143 ፍልሚያ አንድ ጊዜም በዝረራ አለመሸነፉ ነው። ሮቢንሰንም ቢሆን ሁለቴ ያሸነፈው በነጥብ ነው።

ጥያቄ፦ ሜይዌዘር 50 ለ 0 ነው! ያልተሸነፈን ሰው ከአምስት ውስጥ ማውጣት ምቀኝነት ነው። (ከማራኪ)

ወንድሜ፣ ሜይዌዘርን እወደዋለሁ። እንደሱ ቡጢ የማይነካው ሰው በዘመናችን አላየንም። ግን ጥያቄው ስለ ዌልተርዌይት ነው። ከ50ው ድል ብዙው የተገኘው ከዚያ በታች ባሉ ምድቦች ነው። ከማኒ ፓኪያው ጋር እንዲገናኙ ዓለም መወትወት የጀመረው በ2009 ነው። የተገናኙት በሜይ 2015 ነው። ያኔ ሜይዌዘር 38፣ ፓኪያው 36 ዓመታቸው ነበር። ሚጌል ኮቶንም ቢሆን የገጠመው ከዌልተርዌይት በላይ፣ ኮቶ በአንቶኒዮ ማርጋሪቶና በፓኪያው ከተደበደበ በኋላ ነው። ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ባለው አስቀምጠዋለሁ። ይህ ስድብ አይደለም።

ቴሬንስ ክሮፎርድንም እዚያው አካባቢ አደርገዋለሁ። በጁላይ 2023 ኤሮል ስፔንስን ሦስቴ ጥሎ በ9ኛው ዙር ሲጨርሰው፣ በዚህ ምድብ የአራቱን የዓለም የቦክስ ማኅበራት ቀበቶዎች የጠቀለለ የመጀመሪያው ወንድ ሆነ። ያ ፍልሚያ በእኛ ሰዓት እሁድ ጠዋት ነበር፤ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ የሚያወራበት ዜና።

ጥያቄ፦ ሊዮናርድን ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ጀምሮ ስሙን አውቀዋለሁ። ዱራን አላሸነፈውም እንዴ? ታዲያ እንዴት ሦስተኛ ይሆናል? (ከአዘዞ፣ እድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ አባት)

ጋሼ፣ ትክክል ነዎት። ሊዮናርድ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ወርቅ ወሰደ። ያ ኦሊምፒክ ለእኛ የሚያስቆጭ ነው። አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ስለቀረች ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። ሊዮናርድ በ1980 በዚያው ከተማ በሮቤርቶ ዱራን በነጥብ ተሸነፈ። የተሸነፈው በዱራን ስልት ልግጠም ብሎ ነው፤ ቆሞ ተደባደበ። ከአምስት ወር በኋላ ኒው ኦርሊንስ ላይ ግን በእግሩ እየዞረ አናደደው፤ ዱራን በ8ኛው ዙር ራሱ በቃኝ አለ።

ሦስተኛ ያደረግኩት ግን በዋነኝነት በ1981 ቶማስ ሄርንስን ስላሸነፈ ነው። ሄርንስ 1 ሜትር ከ85፣ 32 ጊዜ ተጋጥሞ ሁሉንም ያሸነፈ፣ ቀኝ እጁ የሚያስፈራ ሰው ነበር። ሊዮናርድ አንድ ዓይኑ አብጦ፣ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ፣ በ14ኛው ዙር ጨረሰው። ያኔ የዓለም ሻምፒዮና 15 ዙር ነበር። እንደ ዛሬው 12 ዙር ቢሆን ኖሮ ሄርንስ በነጥብ ያሸንፍ ነበር። መጀመሪያ ቀበቶውን የወሰደበት ዊልፍሬድ ቤኒቴዝ፣ ከዚያ ዱራን፣ ከዚያ ሄርንስ፤ ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ሦስቱንም አሸንፏል። ይህን ከሮቢንሰን ወዲህ በዚህ ምድብ ያደረገ አላውቅም።

ጥያቄ፦ የሚገባቸውን ክብር ያላገኙ እነማን ናቸው? ሁልጊዜ ስለ ታዋቂዎቹ ብቻ አትጻፍ። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር።

መጀመሪያ ቻርሊ በርሊ። የፒትስበርግ ሰው ነው። አንድም ቀን ለዓለም ሻምፒዮንነት እንዲጋጠም አልተፈቀደለትም። ፍሪትዚ ዚቪችን ከሦስት ፍልሚያ ሁለቱን አሸንፎታል። ዚቪች በ1940 አርምስትሮንግን አሸንፎ ሻምፒዮን ሲሆን ግን በርሊ ከውጭ ቆሞ አየ። ጥቁር ነበር፤ በጣም ጎበዝም ነበር። ለፍልሚያ አሻሻጮች ሁለቱ ሲደመሩ ኪሳራ ናቸው። በ1944 ከሚድልዌይት በላይ የሚከብዱትን ሳይቀር የሚያሸብረውን አርቺ ሙርን ደጋግሞ ጥሎ በነጥብ አሸነፈው። ሙር በኋላ የላይት ሄቪዌይት ሻምፒዮን ሆኖ ለዓመታት ነግሷል። ከገጠምኳቸው ሁሉ የሚበልጠው በርሊ ነው ይል ነበር። በርሊ ግን ቦክስ ካቆመ በኋላ በከተማው የቆሻሻ ሠራተኛ ሆኖ ኖረ። በዝረራ የጣለው ሰው ሳይኖር ነው ከሙያው የወጣው። ስሙን ለሰው ንገሩልኝ።

ሁለተኛው ሉዊስ ሮድሪጌዝ ነው፤ እሱም ኩባዊ። ከኤሚል ግሪፊዝ ጋር 4 ጊዜ ተጋጠመ። አንዱን አሸነፈ፣ ሦስቱን በጠባብ ልዩነት ተነጠቀ። ያሸነፈው በማርች 1963 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። በዚያው ምሽት፣ በዚያው መድረክ ዴቪ ሙር የተባለ ሻምፒዮን በደረሰበት ጉዳት ከቀናት በኋላ ሞተ። ዓለም ያን ምሽት የሚያስታውሰው በሙር ሞት ነው፤ ይገባዋልም። ግን የሮድሪጌዝ ድል አብሮ ተቀበረ። ቀበቶውም ሦስት ወር ሳይሞላው ወደ ግሪፊዝ ተመለሰ።

ሦስተኛው የእኛው አፍሪካዊ፣ የጋናው አይክ ኳርቴ ነው። ከ1994 እስከ 1998 ቀበቶ ይዞ ቆየ። በዘመኑ ከሱ የሚሻል ጃብ (በፊት እጅ የሚሰነዘር ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ) ያለው ዌልተርዌይት አልነበረም ብዬ እከራከራለሁ። ግራ እጁን ዘርግቶ ብቻ ሰውን ያደክም ነበር። በፌብሩዋሪ 1999 ኦስካር ደ ላ ሆያን ሲገጥም ገና አልተሸነፈም ነበር። በ6ኛው ዙር ሁለቱም ወደቁ። ኳርቴ በብዙ ዙር የበላይ መስሎ ታየኝ፤ በመጨረሻው ዙር ግን ወደቀ፣ ዳኞቹም ተከፋፍለው ለደ ላ ሆያ ሰጡ። ያ ውሳኔ በተቃራኒው ቢሆን ስሙ ዛሬ በእያንዳንዱ ዝርዝር ላይ በተገኘ ነበር።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ? (ከቀበሌያችን የምትሠለጥን ወጣት)

እህቴ፣ ከላይ ስለ ክሮፎርድ ስጽፍ «የመጀመሪያው ወንድ» ያልኩት ለዚህ ነው። ኮሎምቢያ ተወልዳ ኖርዌይ ያደገችው ሴሲሊያ ብሬክሁስ በ2014 የዌልተርዌይት ቀበቶዎችን ጠቅልላ እስከ 2020 ይዛቸዋለች። ክሮፎርድን በ9 ዓመት ቀድማዋለች። ፍልሚያዎቿን ተመልከቺ፣ በተለይ የግራ እጇን አጠቃቀም።

ጥያቄ፦ 72 ኪሎ ነኝ። ለውድድር ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። ወደ ዌልተርዌይት መውረድ እፈልጋለሁ። ፕላስቲክ ለብሼ ልሩጥ? (የ19 ዓመት ወጣት)

አይሆንም። በፕላስቲክ የሚወጣው ውኃ ነው፣ ስብ አይደለም። ውኃው የጎደለ ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። ፕሮፌሽናሎቹ ከፍልሚያው አንድ ቀን ቀድመው ስለሚመዘኑ እስኪገጥሙ ይጠጣሉ፣ ይበላሉ። በአማተር ውድድር ግን የምትመዘነው በዚያው ጠዋት ነው፤ ለማገገም ጊዜ የለህም። 5 ኪሎ በሁለት ሳምንት ብዙ ነው። የአማተር ምድቦቹ ከፕሮፌሽናሉ ስለሚለዩ አሰልጣኝህን ጠይቅና ለክብደትህ የሚቀርበው ውስጥ ግባ። ውድድሩ በጾም ከዋለ ደግሞ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን አታሳንስ፤ ከልምምድ በኋላ ሳትዘገይ ብላ። ለሚቀጥለው ውድድር መውረድ ካሰብክ ከዛሬ ጀምረህ በሳምንት ግማሽ ኪሎ እየቀነስክ ውረድ።